ሰው ያለበትን አብስትራክት ሥዕል እንዴት እናንብብ?

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ካፌ ገብታችሁ ግድግዳው ላይ ፊት የሌለው፣ እጁ ከእግሩ የረዘመ ሰው ተስሎ ብታዩ፣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትለፉት። አብስትራክት ሥዕል ነገሩን በዓይን እንደሚታየው አይቀዳም። ቡናው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ ራቅ በሉ። የሥዕሉን ርዕስ ገና አታንብቡ፤ ካነበባችሁት ዓይናችሁ እሱን ብቻ ነው የሚፈልገው። ጭንቅላቱ የት ነው? ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ አርፏል? ጎብጧል ወይስ ቀጥ ብሏል? ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል መረብ ሲጎተት ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። የዓሣ አጥማጁን ፊት ሳታዩ፣ ከጀርባው ብቻ መረቡ መክበዱን ታውቃላችሁ። ግራ ከገባችሁ ራሳችሁ እንደ ሥዕሉ ቁሙና የቱ ጋ እንደሚያማችሁ ልብ በሉ።

ቀጥሎ ሠዓሊው ምን እንዳጋነነ፣ ምን እንደተወ ለዩ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ለእኛም አዲስ አይደለም። የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አስታውሱ። ቅዱሳኑ በትልልቅ ዓይኖቻቸው ፊት ለፊት ያዩናል። ክፉዎቹ ግን ብዙ ጊዜ በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። «ዓይን እንዲህ አይተልቅም» ብሎ የተከራከረ የለም። እዚህም ያንኑ አድርጉ። እጁ ከተለቀ፣ ምን እየሠራበት ነው? አፍ ከሌለው፣ ዝም ብሎ ነው ወይስ ዝም አሰኝተውት?

ቀለሙን ለብቻው አትፍቱት። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1963 በሣለው «ጎልጎታ» ቀዩ ደም ነው፣ ነገሩ ስቅለት ነውና። ሌላ ሸራ ላይ ያው ቀይ የማታ ፀሐይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ጠጋ በሉ። ቀለሙ ወፍሯል? ተፍቋል? ወደ ታች ፈሷል? የሠዓሊውን እጅ ፍጥነት ታገኙታላችሁ። ርዕሱንም አሁን አንብቡት።

በመጨረሻ የተረዳችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ «ምክንያቱም» ብላችሁም ሸራው ላይ ቦታውን በጣት አሳዩ። «አብስትራክት ሁሉም እንደፈለገ የሚተረጉመው ነው» የሚባለውን አልቀበልም። በጣት የማታሳዩት ነገር የራሳችሁ ስሜት ነው፤ ስሜቱ ደግ ነው፣ ግን ለሠዓሊው አትስጡት። ጓደኛችሁ ሌላ ቢልም እሱም ቦታውን ያሳይ።

ሠዓሊውን ካገኛችሁት ደግሞ «ምን ማለት ነው?» አትበሉት። «ከየት ጀመርከው? የትኛውን ቦታ ደግመህ ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁት።