በቁፋሮ የተገኘ የሮማ ሳንቲም ሲጠና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሮማ ሳንቲም ሁሉን ነገር የሚናገር ይመስላል። ፊቱ ላይ የቄሳር መልክ አለ፤ ዙሪያውን ስሙና ማዕረጉ ተጽፏል። ስለዚህ ሰው አንስቶ ያነበውና «የእገሌ ዘመን ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ነገር ግን ሳንቲሙ ከሚናገረው ይልቅ የተኛበት አፈር የሚናገረው ይበልጣል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመጡት ይህን ከመዘንጋት ነው። (ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሳንቲሙን ዕድሜ ለቦታው መስጠት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሳንቲሙ የሚያረጋግጥልን ከተመታበት ዓመት በፊት እዚያ አለመቀበሩን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መቼ ተቀበረ? በ5 ዓመትም ሊሆን ይችላል፣ በ300 ዓመትም።

የሮማው የጦር መሪ ማርቆስ አንቶኒዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ32 እና በ31 ለወታደሮቹ ደመወዝ ያስመታቸው ዲናሮች (የሮማ የብር ሳንቲሞች) ብራቸው ንጹሕ አልነበረም። ሰው ጥሩ ጥሩውን ብር እየሸሸገ እነዚህን ያወጣ ነበር። በዚህ የተነሳ ከ200 ዓመት በኋላም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወሩ ነበር። የኛዋን ማርያ ትሬዛ አስቧት። 1780 የሚል ዓመት እንደተጻፈባት ስትመታ ኖራ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ሰው ሲገበያይባት ነበር። ከአንድ የፈረሰ ቤት ወለል ሥር ብትገኝ «ቤቱ የ1780 ነው» የሚል አይኖርም። የሮማ ሳንቲም ሲሆን ግን ይህ ጥንቃቄ ይረሳል።

በአካባቢያችን ጥሩ ማሳያ አለ። ኤርትራ ውስጥ ሰንዓፈ አጠገብ ባለችው መጠራ፣ በ1960ዎቹ ቁፋሮ አንድ የነሐስ ዕቃ ወጣ። ውስጡ 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ፤ የ2ኛውና የ3ኛው ክፍለ ዘመን ቄሳሮች ናቸው። ሳንቲሞቹ ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው አንገት ላይ የሚውሉ ጌጦች ሆነው ነበር። አብረዋቸው መስቀሎች ተገኝተዋል። መስቀል ካለ ደግሞ ዕቃው የተቀበረው ክርስትና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም ከገባ በኋላ ነው ማለት ነው። በሳንቲሞቹ ብቻ የፈረደ ሰው ከ100 ዓመት በላይ ሊስት ይችላል። ደብረ ዳሞ ላይ የተገኙት ከ100 በላይ የኩሻን (በመካከለኛው እስያና በሰሜን ሕንድ የነበረ ጥንታዊ መንግሥት) የወርቅ ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። ገዳሙ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሳንቲሞቹ ግን ከ3ኛው አያልፉም።

«ሳንቲሙ ካለ ሮማውያን ነበሩ» ማለት

እ.ኤ.አ. በ2016 ጃፓን ኦኪናዋ ውስጥ ካትሱረን በሚባል የጥንት ምሽግ የሮማ ሳንቲሞች መገኘታቸው ሲነገር ዓለም ጉድ አለ። በዚያው ቦታ ግን የ1687 የኦቶማን ሳንቲምም ተገኝቷል። ገንዘብ በነጋዴ እጅ አገር ላገር ይዞራል። ባለቤቱ አብሮት መሄድ የለበትም።

ሳንቲሙን ከአፈሩ መንጥቆ ማውጣት

እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ ሱመርሴት ውስጥ ፍሮም አቅራቢያ አንድ ሰው በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሲዞር ከመሬት በታች አንድ ትልቅ ገንቦ ያገኛል። ሳንቲሞቹን ሲያይ መቆፈሩን አቆመና ባለሙያዎችን ጠራ። እኔ በበኩሌ የዚህን ሰው ትዕግሥት አደንቃለሁ፤ ብዙ ሰው አይችለውም።

ገንቦው ውስጥ 52,503 ሳንቲሞች ነበሩ። ክብደታቸው 160 ኪሎ ያህል ነው። ባለሙያዎቹ እንደ ጤፍ ከማፈስ ይልቅ በደርብ በደርብ እየለዩ አወጧቸው። ትልቁ ግኝት የመጣው ከዚህ ነው። ከ286 እስከ 293 ብሪታንያን የገዛው የካራውሲየስ ሳንቲሞች በዕድሜ ከኋለኞቹ መካከል ናቸው። ገንቦው በየዓመቱ እየተጨመረበት የሚሞላ የቁጠባ ዕቃ ቢሆን ኖሮ እነሱ ከላይ መገኘት ነበረባቸው። አብዛኞቹ የተገኙት ግን ከገንቦው ወገብ በታች ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቷል ማለት ነው። ለአማልክት የተሰጠ ስእለት ይሆን እንዴ የሚለው ክርክር የተነሳውም ከዚህ በኋላ ነው። ገንቦውን ዘርግፎ ቢሆን ኖሮ ሳንቲሞቹ ይተርፉ ነበር፤ ይህ መረጃ ግን እዚያው ይጠፋ ነበር።

በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በሽቦ ብሩሽ ማጠብ

በፍጹም አይደረግም። የነሐስና የመዳብ ሳንቲም ፊደል ብዙ ጊዜ የሚቀረው አረንጓዴው ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑን የፈተገ ጽሑፉን ፈተገ። ሳንቲሙ ተጠቅልሎበት የነበረው ጨርቅ አሻራም ዝገቱ ላይ ሊቀር ይችላል። እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ብረቱን የሚበላ ጨው አለበት ማለት ነው። ደረቅ ቦታ አስቀምጡትና ለጥገና ባለሙያ አሳዩት።

አንድ ጊዜ አንብቦ መተማመን

የሮማ ከተማ የነበረችው ፖምፔይ በእሳተ ገሞራ የጠፋችው በ79 ዓ.ም. ነው። በተለምዶ የሚጠቀሰው ወር ነሐሴ ሲሆን፣ ዘግይቶ መኸር ላይ ነው የሚሉም አሉ። ለእነሱ ትልቅ ማስረጃ የሆነላቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ከከተማዋ የወጣ አንድ የቄሳር ቲቶ ዲናር ነበር። ሮማውያን ጦራቸው ድል ሲያደርግ ቄሳሩን «ኢምፔራቶር» ብለው ያወድሱታል፤ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነም ሳንቲሙ ላይ ይጻፋል። ይህ ዲናር «15ኛ» ይላል ተባለ። መስከረም 7 እና 8 ቀን 79 በተጻፉ ሰነዶች ላይ ግን ቲቶ ገና 14ኛው ላይ ነው። እንግዲያው እሳተ ገሞራው የፈነዳው ከዚያ በኋላ ነው ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያ ያንኑ ሳንቲም እንደገና መርምሮ ሌላ ውጤት አወጣ። በሮማ ቁጥር 15 ከአስሩ ምልክት ቀጥሎ ከታች የሚገናኙ ሁለት ዘመም ያሉ ጭረቶች አሉት። እዚህ ላይ ግን የነበሩት አራት ቀጥ ያሉ ጭረቶች ናቸው፤ 14 ማለት ነው። መኸር ነው የሚሉት ሌላ ማስረጃ አላቸው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የተገኘ በከሰል የተጻፈ የግድግዳ ጽሑፍ። ይህ ሳንቲም ግን ከእንግዲህ ምስክራቸው አይደለም። የተበላ ቁጥር ሲገጥማችሁ ብርሃኑን ከጎን እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ እዩት። ሌላ ሰውም ሳትነግሩት ያንብበው።

መልኩ የሚታየው ቄሳር ሁሌ ያስመታው ነው ማለትም አይደለም። «አምላክ የሆነው አውግስጦስ» የሚሉ ሳንቲሞችን ያስመታው ተከታዩ ጢባርዮስ ነው።

ጥቃቅኖቹን መጣል

ወርቅ የጠፋበት ሰው ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል፤ የወደቀች ጥቃቅን መዳብ ግን ማንም አይፈልጋት። ለዚህ ነው ወለል ላይ የሚቀረው እሷ የሆነችው። የገበያውን ውሎ የምትነግረንም እሷ ናት። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) እና ብሪታንያ ውስጥ ሰዎች በየቦታው አስመስለው የሠሯቸው ሻካራ ሳንቲሞች «ሐሰተኛ» ተብለው ቢጣሉ፣ የዝርዝር ገንዘብ እጥረቱን ማን ይነግረን ነበር? በኢየሩሳሌምና በቂሳርያም ከኋለኛው ዘመን የሮማ ጥቃቅን መዳቦች ጋር የሚመሳሰሉ የአክሱም ነገሥታት መዳቦች ተገኝተዋል። አንዱ ተሳላሚ ይዟቸው ሄዶ ይሆናል፣ አንዱ ነጋዴም ይሆናል። የማይነበቡትን ሰብስቦ ከቆሻሻ ጋር የደፋ ቆፋሪ እነዚህንም አብሮ ይደፋቸዋል።