ሣር ሜዳ ላይ ሲያርፉ አውሮፕላን የሚሰብሩ ስህተቶች

በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት ተራሮች መሀል ያሉት ማረፊያዎች የግጦሽ መስክ ይመስላሉ። ከመካከላቸው ጆንሰን ክሪክ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ፣ ከ1,000 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሣር ነው። እዚህ አውሮፕላን ለመስበር የግድ ሞተር መጥፋት የለበትም።

«ለጥንቃቄ» ፍጥነት መጨመር

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ታጣፊ ክፍል) ሙሉ በሙሉ ወርዶ ክንፉ በ50 ኖት (በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ገደማ) መሸከም የሚያቆም ከሆነ፣ ወደ ሜዳው ሲቀርቡ የሚያዘው ፍጥነት የዚያ 1.3 እጥፍ፣ ማለትም 65 ኖት ነው። ተራራው አስፈርቶት 70 የያዘ አብራሪ 5 ኖት ብቻ የጨመረ ይመስለዋል። ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ግን በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ 16 በመቶ ይጨምራል። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ አልቀመጥ ብሎ ሣሩን እየታከከ ይንሳፈፋል። አብራሪው በግድ ላስቀምጥህ ብሎ አፍንጫውን ሲጫን የፊት ጎማው ቀድሞ መሬት ይመታል፤ አውሮፕላኑ ይነጥራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ንጥረት የፊት እግሩ ይታጠፍና ፕሮፔለሩ መሬት ይቆፍራል።

ሙቀቱን አለመቁጠር

በጆንሰን ክሪክ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 5 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ (37 ሜትር ገደማ) ያህል ከፍታ ይደመራል። ሐምሌ (የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው) ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ሲገባ አየሩ 2,400 ሜትር ላይ እንዳለ ይሳሳል፤ ከቦሌም ከፍ ይላል። መለኪያው 65 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 73 ኖት ግድም ነው። መሬቱ ሲሮጥበት ደንግጦ ፍጥነት የሚቀንሰውን ክንፉ ይከዳዋል። መለኪያውን ይመኑ፤ ባይሆን በጠዋት ይረፉ።

ዳገትን በዓይን መለካት

የኔፓሉ ሉክላ ማረፊያ ርዝመቱ 527 ሜትር ነው፤ ዳገቱ 11.7 በመቶ። ዳገታማ ወይም ጠባብ ሜዳ አብራሪውን «ከፍ ብያለሁ» ያሰኘዋል፤ ዝቅ ሲል ከሜዳው ጫፍ በፊት ካለው ገደል ጋር ይላተማል። መፍትሔው ጎማ የሚያርፍበትን አንድ ነጥብ መርጦ በፊት ለፊቱ መስታወት ላይ መከታተል ነው። ነጥቡ ወደ ላይ ከሸሸ አይደርሱም፤ ወደ ታች ከወረደ ያልፉታል፤ ካልተንቀሳቀሰ መንገዱ ልክ ነው።

ሜዳውን ሳያዩ መውረድ

መጀመሪያ ሜዳውን በግራ በኩል አድርገው 500 ጫማ ያህል ከፍ ብለው ይለፉ። ከብት፣ ጉድጓድ፣ ኩሬ ይፈልጉ። የንፋስ አመልካች ከሌለ ጭስ ይነግራል። ከማረፊያ ፍጥነቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን የጀርባ ንፋስ የሚያስፈልገውን ርቀት 21 በመቶ ያረዝመዋል። የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ለእርጥብ ሣር 35 በመቶ እንዲጨመር ይመክራል፤ ሣሩ በጣም አጭርና እርጥብ ከሆነ ማንሸራተቱ እስከ 60 በመቶ ሊያደርሰው ይችላል።

መመለሻውን ማዘግየት

ሉክላ ላይ ከሜዳው ማዶ ተራራ ነው፤ ከተጠጉ በኋላ መመለስ የለም። ስለዚህ ውሳኔው የሚሰጥበትን ቦታ፣ ለምሳሌ አንድ ጉብታ ወይም የወንዝ መታጠፊያ፣ ገና ሳይወርዱ ይምረጡ። እዚያ ሲደርሱ ፍጥነቱ ወይም ከፍታው ልክ ካልሆነ ሙሉ ጋዝ ሰጥተው ይውጡ። ፍላፑን ግን ደረጃ በደረጃ ይሰብስቡ፤ በአንዴ ካነሱት አውሮፕላኑ ቁልቁል ይሰምጣል።