የካሜራ ቦርሳ ከመምረጣችሁ በፊት ዕቃችሁን መዝኑ

ባዶ ቦርሳ ለሁሉም ትከሻ ይመቻል። ሱቅ ውስጥ አንስታችሁ ብታነግቱት፣ ዚፑን ብትከፍቱና ብትዘጉት፣ ስፖንጁን ብትነካኩት እንከን ላታገኙበት ትችላላችሁ። ጉድለቱ የሚወጣው ሰባት ስምንት ኪሎ ተሸክማችሁ ሁለት ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ለጉዞ የሚሆን የካሜራ ቦርሳ ምርጫ የሚጀምረው ከሚዛንና ከሜትር ነው።

ለጉዞው በእርግጥ የምትይዙትን ዕቃ ብቻ ወለል ላይ ዘርጉና አንድ በአንድ መዝኑ። «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» የምትሉትን ለብቻው ወደ ጎን አድርጉት። አንድ ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ሚረርለስ (የውስጥ መስታወት የሌለው) ካሜራ ከነባትሪው 700 ግራም፣ 24–70 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 (ብዙ ብርሃን የሚያስገባ) ሌንስ 800 ግራም፣ 70–200 ኤፍ 2.8 ሌንስ 1.2 ኪሎ፣ ሰፊ አንግል ሌንስ 500 ግራም፣ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ 1.9 ኪሎ፣ ትርፍ ባትሪ፣ ሃርድ ዲስክና ፊልተር በአንድ ላይ 700 ግራም ቢሆኑ ድምሩ 5.8 ኪሎ ነው። ባለ 30 ሊትር የካሜራ ቦርሳ ባዶውን ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ውሃና ጃኬት ሳይጨመርበት 7.3 ኪሎ አለፈ ማለት ነው፤ በርካታ አየር መንገዶች ደግሞ በኢኮኖሚ ክፍል ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 7 ወይም 8 ኪሎ ብቻ ነው። የቦርሳውን የራሱን ክብደት ከዋጋው እኩል አጥብቃችሁ ጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች የሚጽፉት የውጭውን ቦርሳ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ የካሜራው ማስቀመጫ ከነስፖንጁ ተጨምሮ እንደሆነ አረጋግጡ።

ሊትሩን ብዙ አትመኑ

በቦርሳው ላይ የተጻፈው ሊትር ለካሜራ የሚተርፈውን ቦታ አይነግራችሁም። ወፍራም ስፖንጅ ራሱ ቦታ ይወስዳል፤ 30 ሊትር በተባለ ቦርሳ ውስጥ ለካሜራ የተመደበው ክፍል ግማሹን ብቻ ሊይዝ ይችላል። በግርድፉ ግን አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ለቀን ጉዞ ለሚይዝ ሰው 20 ሊትር አካባቢ፣ ሦስት ሌንስና ላፕቶፕ ለሚጨምር 30 ሊትር፣ የጥቂት ቀን ልብስም አብሮ ለሚከት ከ40 እስከ 45 ሊትር ይበቃል። ጥርጣሬ ካለባችሁ ትንሹን ምረጡ። ክፍት የቀረ ቦታ ሁልጊዜ በሆነ ነገር ይሞላል፤ የሚሸከመውም የእናንተው ጀርባ ነው።

ከሊትሩ ይልቅ የውስጥ ጥልቀቱን ለኩ። ተራ ሚረርለስ ካሜራ ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የባትሪ ግሪፕ (ከሥሩ የሚገጠም ተጨማሪ የባትሪ መያዣ) የተገጠመለት ግን 15 አካባቢ ይደርሳል። የትራይፖድ ፕሌት (ካሜራውን ከባለ ሦስት እግር መቆሚያው ጋር የሚያያይዘው ሳህን) ከሥሩ ካልተፈታ ያንንም ጨምሩ። ጥልቀቱ ካልበቃ ዚፑ ተጎትቶም ቢሆን ይዘጋል፤ ነገር ግን የካሜራው እብጠት ላፕቶፑን ገፍቶ የጀርባውን መደገፊያ ወደ አከርካሪያችሁ ያጎብጠዋል። የሌንስ ሁድ (ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው የብርሃን መከለያ) ተገልብጦ ሲገጠምም የሌንሱን ውፍረት ስለሚጨምር፣ የምትለኩት ሁዱን እንደገጠማችሁ ይሁን።

ርዝመትም አለ። 70–200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ከ27 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የብዙ ቦርሳዎች የውስጥ ስፋት ደግሞ ከዚህ ስለማይበልጥ፣ ይህን ሌንስ እንደተገጠመ አግድም አስተኝቶ በጎን በር ማውጣት አይሆንም። በጎን በር እየመዘዛችሁ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ፣ እዚያ ቦታ የሚቀመጠው 24–70 የመሰለ አጠር ያለ ሌንስ የተገጠመበት ካሜራ ነው።

የውጭውን መጠን ቦርሳውን ሞልታችሁ ለኩት። ብዙ አየር መንገዶች የሚቀበሉት የእጅ ሻንጣ 55 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ ጥልቀቱን እስከ 23 ወይም 25 ያደርሱታል። ከወንበር ሥር ለሚገባ ሻንጣ 40 በ30 በ20 ብቻ የሚፈቅዱም አሉ። ባዶውን 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦርሳ የፊት ኪሱ ውስጥ ጃኬት ሲገባበት በቀላሉ 25 ይሆናል፤ በር ላይ ካለው የመለኪያ ሳጥን ጋር የሚያጋጨውም ይኸው ነው።

በሩ በየት በኩል ይከፈታል?

የቦርሳ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው በአከፋፈቱ ነው። በጀርባ በኩል፣ ማለትም ሰውነታችሁን በሚነካው ወገን የሚከፈት ቦርሳ ለጉዞ ተመራጭ ነው። ስታነግቱት ዚፑ ጀርባችሁ ላይ ስለሚተኛ ግርግር ውስጥ ማንም አይከፍተውም። ጭቃ ላይ ስታስቀምጡትም መሬት የሚነካው የፊቱ ጨርቅ ስለሆነ ማንገቻው ንጹሕ ይቆያል። ጉዳቱ፣ ካሜራ ለማውጣት ሁልጊዜ ማውረድ ያስፈልጋል። የወገብ ቀበቶው ጠንካራ ከሆነ ግን ሁለቱን ማንገቻዎች ከትከሻችሁ አውጥታችሁ ቀበቶው እንደታሰረ ቦርሳውን ወደ ሆዳችሁ ማዞርና ቆማችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ይህን ሳትገዙ በፊት ሞክሩት፤ ቀበቶው ጭነቱን ካልያዘ ቦርሳው ወደ ፊት ይደፋል።

የጎን በር ለፍጥነት ነው። አደጋው መርሳት ነው፦ ዚፑ ሳይዘጋ ቦርሳው ወደ ጀርባ ይወረወራል፣ ካሜራው በቀዳዳው ይወድቃል። ስለዚህ ከዚፑ ውጭ ሌላ መያዣ ዘለበት ያለውን ምረጡ። በፊት ለፊት ብቻ የሚከፈት ቦርሳ ለመክፈት በማንገቻው በኩል መሬት ላይ መተኛት ስላለበት፣ ጭቃውን መልሳችሁ በልብሳችሁ ላይ ታነግቱታላችሁ። ሁለት በር ማግኘት ከቻላችሁ ጀርባና አንድ ጎን ይሁን፤ አንድ ብቻ ከሆነ ጀርባው።

ጭነቱ የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው

ከ7 ኪሎ በላይ ለረጅም ሰዓት በትከሻ ብቻ መሸከም የለባችሁም። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተራ የወገብ ገመድ ቦርሳው እንዳይወዛወዝ ያደርጋል እንጂ ክብደት አይሸከምም። ስፖንጅ ያለውና የዳሌ አጥንትን ከጎን ጥብቅ አድርጎ የሚያቅፍ ሰፊ ቀበቶ ያስፈልጋል። ቀበቶው ዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ደግሞ የቦርሳው ጀርባ ከእናንተ ጀርባ ርዝመት ጋር መስማማት አለበት። ለመለካት አንገታችሁን ወደ ፊት ደፋ አድርጉና ከአንገት ሥር ጎልቶ የሚወጣውን አጥንት ፈልጉ። ሁለት እጃችሁን የዳሌ አጥንት አናት ላይ አድርጋችሁ አውራ ጣቶቻችሁን ወደ ኋላ ዘርጉ። ሌላ ሰው ከአንገቱ አጥንት እስከ አውራ ጣቶቹ መስመር ድረስ ይለካላችሁ። ብዙ የካሜራ ቦርሳዎች በአንድ ልክ ብቻ ስለሚሠሩ፣ በጣም ረጅም ወይም አጭር ሰው የማንገቻው ቁመት የሚስተካከልለትን ይፈልግ።

ስታነግቱ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላሉ፤ የወገብ ቀበቶውን ዳሌ አጥንት ላይ አሳርፋችሁ አጥብቁ፤ ከዚያ የትከሻውን ሳቡ፤ ከትከሻ በላይ ወደ ቦርሳው የሚሄደው ትንሹ ማሰሪያ ካለ 45 ዲግሪ ያህል እስኪያዘነብል ጎትቱት፤ መጨረሻ ላይ የደረቱን ቁለፉ። ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ ክብደቱ በሙሉ ትከሻ ላይ ቀርቷል። ወደ ኋላ የሚጎትታችሁ ከሆነ ደግሞ ከባዱ ሌንስ ከጀርባችሁ ርቋል፤ ወደ ውስጥ አስጠጉት። ትራይፖድ በአንድ ጎን ሲታሰርም አንድ ትከሻ ብቻ ይጎዳል፤ በሌላው ጎን የውሃ ጠርሙስ አድርጉ ወይም በፊት መሐል ላይ እሰሩት።

ዚፕ፣ ስፌትና ስፖንጅ

ቦርሳውን ሞልታችሁ ዋናውን ዚፕ በአንድ እጅ ዙሪያውን አስኪዱት። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ እየተንገታገተ የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ ጠርዞች ተሳስበው ጥርሱ የሚወጠር ከሆነ ተዉት። ዚፕ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የዚፑ ራስ (እየተጎተተ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ተበልቶ ስለሚላላ ነው፤ ያን ጊዜ ከኋላው ጥርሱ ሳይያያዝ ይቀራል። ጉዞ ላይ ከደረሰባችሁ የዚፑን ራስ ሁለት ጎኖች በፒንሳ ቀስ ብላችሁ መጫን ለጊዜው ያሠራዋል። በብዙ ዚፖች ራስ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፦ ለዋናው በር 8 ወይም 10 ይሁን፤ 5 ለትንንሽ ኪሶች ነው። ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ዚፕም ዝናብ ያዘገያል እንጂ አያቆምም።

በጨርቁ ላይ 420፣ 840 ወይም 1680 ዴኒየር ሲባል የክሩ ውፍረት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጨርቁም ይከብዳል። ይሁን እንጂ ቦርሳ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ጨርቁ ላይ ሳይሆን ማንገቻው ከቦርሳው ጋር በተሰፋበት ቦታ ነው። ማንገቻውን ወደ ታች ሳብ አድርጉና ስፌቱን ቀርባችሁ እዩ፦ አንድ መስመር ክር ብቻ ከታየ ደካማ ነው፤ ደጋግሞ የተሰፋ ወይም በአራት ማዕዘን ውስጥ ተሻግሮ የተሰፋ ከሆነ ይታመናል።

የላፕቶፑን ኪስ እጃችሁን እስከ ታች አስገብታችሁ ዳብሱት። መጨረሻው የቦርሳው ወለል ከሆነ ቦርሳው መሬት በተቀመጠ ቁጥር የላፕቶፑ ጥግ ይመታል። ኪሱ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ መሆን አለበት። ከካሜራው ሥር ያለውን ስፖንጅም በጣት ተጫኑ፤ ሲለቀቅ ወዲያው የማይመለስ ወይም ማዶውን የሚያስነካ ከሆነ አይከላከልም። መከፋፈያዎቹን አስተካክላችሁ ቦርሳውን ዝጉና አልጋ ላይ ገልብጡት። ስትከፍቱት አንዱ ሌንስ ከሌላው ጋር ከተነካካ መከፋፈያው ላልቷል።

የዝናብ ሽፋን አብሮት ይኑር፤ ግን ጀርባችሁን የሚነካውን ወገን አይሸፍንም። በልብሳችሁ ላይ የወረደ ውሃ በዚያ በኩል ይገባል፣ ሽፋኑ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ ታች ይጠራቀማል። ለካሜራና ለሃርድ ዲስክ ውሃ የማያስገባ ከረጢት ውስጡ ያዙ። እርጥብ ቦርሳ ዘግታችሁ አታሳድሩ፤ ሌንስ ላይ ሻጋታ የሚያበቅለው ይህ ነው።

ለባትሪና ለአውሮፕላን በር

ትርፍ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ ከተጓዡ ጋር ካቢን ይገባል እንጂ ጭነት ክፍል አይገባም። የባትሪውን የኃይል መጠን በዋት ሰዓት ለማወቅ ቮልቱን በሚሊ አምፔር ሰዓቱ አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ፦ 7.2 ቮልትና 2280 የሆነ የካሜራ ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት፣ 3.7 ቮልትና 20,000 የሆነ ፓወር ባንክ 74 ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። የባትሪው የብረት ነጥቦች ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይነካኩ ለብቻቸው ኪስ ይኑራቸው።

የካሜራው ማስቀመጫ ተነቅሎ የሚወጣና በራሱ መያዣ ያለው ቢሆን ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። በር ላይ ቦርሳው ወደ ጭነት ይግባ ከተባለ ማስቀመጫውን፣ ባትሪዎቹንና ላፕቶፑን አውጥታችሁ ልብሱን ብቻ ታስረክባላችሁ። በቦርሳው ግድግዳ ላይ የተሰፋ ከሆነ ይህ አማራጭ የለም።

ሱቅ ውስጥ ዕቃችሁን ይዛችሁ መግባት ካልቻላችሁ፣ ገዝታችሁ ቤት ከደረሳችሁ በኋላ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ፣ የዋጋ መለያውን ሳትቆርጡ ፈትኑት። ዕቃውን ሁሉ ክተቱ፤ የጎደለውን በውሃ ጠርሙስ ተኩ፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ደረጃ እየወጣችሁና እየወረዳችሁ ግማሽ ሰዓት ተራመዱ፤ ሦስት ጊዜ አውርዳችሁ ካሜራውን አውጡ፣ ሌንስ ቀይሩ፣ መልሱ። ከዚያ ሸሚዛችሁን አውልቁና ትከሻችሁን በመስታወት እዩ። ቀይ መስመር ካለና ማሰሪያዎቹን አስተካክላችሁ ደግማችሁ ስትሞክሩት ካልጠፋ መልሱት።