ሪሊፍ ፒቸራችሁ ሲሰናበት እንዴት መከራከር ይሻላል

የቤዝቦል ክለባችሁ ገና አዲስ ቡድን እየገነባ ነው። ሽንፈቱ ተደራርቧል። ድንገት አንድ ሪሊፍ ፒቸር (በጨዋታው መሃል ገብቶ የመጀመሪያውን ኳስ ወርዋሪ የሚተካ) ተሰናበተ ይባላል። ግማሹ ደጋፊ «እሰይ፣ ተገላገልን!» ሲል ግማሹ «በነጻ ለቀቁት!» ብሎ ይጮኻል። እናንተ ወደ ጭቅጭቁ ከመግባታችሁ በፊት ትንሽ አጣሩ።

መጀመሪያ ልጁ የእውነት መሰናበቱን እዩ። በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ) ብዙ ጊዜ የሚሆነው ከክለቡ የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር መውጣት ነው፤ ያ ደግሞ ስንብት አይደለም። ለክለቡ ሰባት ቀን ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ በሌላ ተጫዋች ሊለውጠው ወይም ዌቨር ላይ ሊያወጣው (ማለትም ሌላ ክለብ ከፈለገው እንዲወስደው ሊያቀርበው) ይችላል። ሪሊፍ ፒቸሩን ሊያም ሄንድሪክስን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ክለቡ ኦክላንድ ከዝርዝሩ ሲያወጣው የፈለገው ክለብ አልነበረም፣ ታችኛው ሊግ ወረደ፣ መስከረም ላይ ተመለሰና በ2019 ኢአርኤው (በዘጠኝ ዙር በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ፤ ሲያንስ ይሻላል) 1.80 ሆኖ ኦል ስታር (የምርጦች ጨዋታ) ገባ። ያኔ ጭራሽ አሰናብተውት ቢሆን ሌላው ነበር የሚጠቀምበት።

ቀጥሎ፣ እባካችሁ ኢአርኤ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ሪሊፍ ፒቸር በ20 ኢኒንግ (ዙር) 6 ነጥብ ቢቆጠርበት ኢአርኤው 2.70 ነው፤ አሪፍ ነው። አንድ ክፉ ምሽት ገብቶ አንድ መቺ ብቻ ከጨዋታ አውጥቶ 5 ነጥብ ቢቆጠርበት በአንዴ 4.87 ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ክንድ። ይልቅ ስንት ስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ ያስወጣው መቺ)፣ ስንት ዎክ (በአራት መጥፎ ውርወራ በነጻ ያሳለፈው መቺ)፣ ስንት ሆምረን (ከሜዳ ውጭ የተመታበት ኳስ) እንዳለው ቁጠሩ፤ የኳሱ ፍጥነት ከአምናው ወርዶ እንደሆነም እዩ። ፍጥነቱ ወርዶ ዎኩ ከበዛ እኔ በበኩሌ ለክለቡ ነው የምፈርደው።

ኦፕሽን (ክለቡ ተጫዋቹን ያለ ዌቨር ወደ ታችኛው ሊግ የመላክ መብት) መኖሩንም ጠይቁ። ኦፕሽኑ ያለቀበትን ተጫዋች ያለ ዌቨር ወደ ታች መላክ አይቻልም፤ ስለዚህ ክለቡ ወይ በዋናው ቡድን 26 ተጫዋቾች ውስጥ ሊያቆየው ወይም ሊያጣው ነው። «ለምን ታች አይልኩትም?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ ያበቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚያስበው። ውሉ ዋስትና ያለው ተጫዋች በውድድር መሃል ሲሰናበት ቀሪውን ደሞዝ የሚከፍለው ያሰናበተው ክለብ ነው፤ አዲሱ ክለብ የዝቅተኛውን ደሞዝ ድርሻ ብቻ ይሸፍናል (በ2025 የዓመቱ ዝቅተኛ 760,000 ዶላር ነበር)። ስለዚህ «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ውሃ አይቋጥርም።

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ የቀን መቁጠሪያው ነው። እየተገነባ ያለ ቡድን ሪሊፍ ፒቸር የሚይዘው ጨዋታ ለማሸነፍ ሳይሆን ሐምሌ መጨረሻ ላይ የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ በወጣት ተጫዋች ለመለወጥ ነው፣ ምክንያቱም ዋንጫ የሚያሳድዱ ክለቦች ያኔ ለሪሊፍ ፒቸር ሲሉ የማይሰጡት የለም። ሰኔ ላይ ማሰናበት ያንን ዕድል መጣል ነው። ነሐሴ ላይ ከሆነ ግን ገበያው ስለተዘጋ ብዙ አትናደዱ።

በመጨረሻ ቦታውን ማን እንደወሰደ እዩ። ከታችኛው ሊግ የመጣ የ23 ዓመት ልጅ ከሆነ ዝም በሉና ሲወረውር ተመልከቱት። የ34 ዓመት ሰው በአንድ ዓመት ውል አምጥተው ከሆነ ግን፣ ያኔ ጩኹ፤ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።