ትርፉን ለሌላ ሰው አስተላልፍልኝ ያለኝ ደንበኛ

አንድ ደንበኛ ለሠርግ ፎቶ ቀጠረኝ። ንግግራችን በሙሉ በኢሜይል ነበር፤ ስደውል አያነሳም። ከተስማማነው በላይ የተጻፈ ቼክ ላከልኝ። ባንክ አስገባሁት። ወዲያው «ትርፉን ለዲኮር ሠራተኛው አስተላልፍልኝ፣ ዛሬውኑ» አለኝ። ሒሳቤን ሳየው ገንዘቡ ገብቷል። ልልክ ስል ጥድፊያው ከነከነኝ።

ባንክ ሄጄ ጠየቅሁ። ገንዘቡ ሒሳብ ላይ ታየ ማለት ቼኩ ተጣርቷል ማለት አይደለም። ሐሰተኛ ከሆነ ከሳምንታት በኋላም ተመልሶ ይወሰዳል። እኔ የላክሁት ግን ከራሴ ኪስ ወጥቶ ይቀራል። በጣም ደነገጥሁ፤ በዚህ መንገድ ስንቱ ባለሙያ ልፋቱን ተበልቷል! ምንም አልላክሁም። ቼኩም ከቀናት በኋላ ውድቅ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቀን የምይዘው ግማሹ ክፍያ በትክክል ሲገባ ብቻ ነው። የዝውውር ስክሪንሾት አልቀበልም፤ የራሴን ሒሳብ ከፍቼ አያለሁ። ውል ከመፈራረማችን በፊት በቪዲዮ እናወራለን፤ አጭበርባሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ይጠፋል። ትርፍ ከተላከልኝ ለሦስተኛ ሰው አላስተላልፍም፤ ክፍያው ተሰርዞ በትክክለኛው መጠን እንዲላክ እጠይቃለሁ። ቀሪው እስኪከፈል ድረስ ደንበኛው የሚያየው ስሜ የታተመባቸውንና ጥራታቸው የተቀነሰ ፎቶዎችን ነው።