የእግር ድጋፍ ለማድረግ ለምታመነቱ
የነርቭ ወይም የጡንቻ ሕመም እግራችሁን አዳክሞት ድጋፍ (የእግርን ፊት ቀና አድርጎ የሚይዝ፣ ከጫማ ጋር የሚለበስ መሣሪያ) ላድርግ አላድርግ የምትሉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የጫማችሁን አፍንጫ ተመልከቱ። ከሶሉ ሌላ ክፍል ይልቅ ጫፉ ከተፋቀ፣ ስትራመዱ የእግራችሁ ፊት እየወደቀ መሬት ይነካል ማለት ሊሆን ይችላል። እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ ዳር ሰፈር፣ ድንጋዩ በተነቃነቀ ኮብልስቶን ላይ ይህ ክፉኛ ይጥላል። የሰው ዓይን አያስጨንቃችሁ፤ ድጋፉን ሰፋ ያለ ሱሪ ይሸፍነዋል።

ድጋፉን ስትለኩ የዘወትር ጫማችሁንና ረጅም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። በክሊኒኩ ለስላሳ ወለል ብቻ አትርኩ፤ ደረጃና ዳገትም ሞክሩ። ድጋፉን ካወለቃችሁ በኋላ ቆዳችሁን እዩ፦ ቅላቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ለባለሙያው መልሱትና ይስተካከል። እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ቁስሉ ሳያምማችሁ ሊጀምር ስለሚችል፣ ይህን በየቀኑ አድርጉ።