በቺፕ ውስጥ ያለውን የመረጃ መጨናነቅ እንዴት ማቃለል ይቻላል? በወረቀትና በእርሳስ እንጀምር

ስለ ፕሮሰሰር ሲወራ ቶሎ የሚነሳው የኮሮቹ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች፣ ብዛት ነው። እኔን ግን ሁሌም የሚስበኝ በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው። ጥቂት ኮሮች አንድ መስመር ተጋርተው መኖር ይችላሉ። ሲበዙ ግን አይሆንም። በ2007 የወጣው የቲሌራ ቺፕ 64 ኮሮች ነበሩት፤ 8 በ8 ሆነው እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተደረደሩ። ኢንቴልም በ2017 የሰርቨር ፕሮሰሰሮቹን ከቀለበት ወደ መረብ ቅርጽ ቀየረ። በእንዲህ ዓይነት መረብ ላይ መረጃው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ፣ በየኮሩ አጠገብ ባሉ መንገድ መሪዎች (ራውተሮች) እየተቀባበለ ይሄዳል።

ችግሩ አንዱ መንገድ ሲጨናነቅ ሌላው ባዶውን መቅረቱ ነው። ይህን በዓይናችሁ ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ መረቡን ሳሉ

16 ነጥቦች 4 በ4 አድርጋችሁ ደርድሩ፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ኮር ከነራውተሩ ነው። አምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ረድፎቹን ከታች ወደ ላይ፣ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ስጧቸው። ጎረቤታሞቹን በመስመር አገናኙ። 24 መስመሮች ይወጣሉ። መሄጃና መመለሻው ለየብቻ ስለሆነ 48 መንገዶች አሉን ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ለማን እንደሚልክ ወስኑ

ትራንስፖዝ የሚባለውን እንውሰድ። የማትሪክስ (በረድፍና በአምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) ረድፍና አምድ ሲለዋወጡ የሚፈጠር የመረጃ ጉዞ ነው። አምድ 3 ረድፍ 1 ላይ ያለው ኮር፣ አምድ 1 ረድፍ 3 ላይ ላለው ይልካል። ሌሎቹም እንዲሁ። ከታች ግራ እስከ ላይ ቀኝ በሰያፍ ያሉት 4 ኮሮች የሚልኩት ለራሳቸው ስለሚሆን መንገድ አይዙም። 12 ላኪዎች ይቀሩናል።

ደረጃ 3፦ በቀላሉ ደንብ ሂዱና ጭነቱን ቁጠሩ

በጣም የተለመደው ደንብ ኤክስ-ዋይ ይባላል። ፓኬቱ መጀመሪያ አግድም ሄዶ ይጨርሳል፤ ከዚያ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ይሄዳል። የ12ቱንም ጉዞ በቀስት ሳሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ መንገድ ስንት ቀስት እንዳለፈ ጻፉበት።

እባካችሁ ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ለምሳሌ በረድፍ 0 ላይ ያሉት 3 ላኪዎች ሁሉ ወደ ግራ ጥግ ይጎርፋሉ። ከጥጉ በፊት ባለው የመጨረሻ መንገድ 3 ቀስት ይደራረባል። ጥጉ ላይ ታጥፈው ወደ ላይ ሲወጡም እንደገና 3። በተቃራኒው ጥግም ያው ነው። አሁን ቀስት ያላለፈባቸውን ቁጠሩ፤ 24 ናቸው። ከመረቡ ግማሹ ሥራ ፈትቷል! መጀመሪያ ስቆጥረው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ።

ደረጃ 4፦ ጉዞውን ለሁለት ክፈሉት

አሁን ሌላ ቀለም አንሱና ተቃራኒውን ሳሉ፦ መጀመሪያ ሽቅብ ወይም ቁልቁል፣ ከዚያ አግድም። ይህ ዋይ-ኤክስ ነው። አዲሶቹ ቀስቶች የሚያልፉት በእነዚያ ባዶ በነበሩት 24 መንገዶች ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ላኪ ከፓኬቶቹ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ደንብ ቢልክ ከፍተኛው ጭነት ከ3 ወደ 1.5 ይወርዳል። አንድም ተጨማሪ ሽቦ አልዘረጋንም።

ደረጃ 5፦ እንዳይቆላለፍ ጠብቁ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በመረቡ ላይ 8 ዓይነት መታጠፊያዎች አሉ። ኤክስ-ዋይ 4ቱን ብቻ ይጠቀማል፤ ለዚህም ነው የማይቆላለፈው። ሁለቱን ደንቦች ስንቀላቅል 8ቱም ይከፈታሉ። ያኔ አራት ፓኬቶች ልክ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደተፋጠጡ መኪኖች፣ አንዱ የሌላውን ቦታ እየጠበቀ ለዘላለም ሊቆሙ ይችላሉ። ቺፑ ውስጥ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ የለም።

መፍትሔው በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሁለት ቨርቹዋል ቻናል ማዘጋጀት ነው። ሽቦው አንድ ሆኖ ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ሁለት ይሆናል። የኤክስ-ዋይ ፓኬቶች በአንዱ፣ የዋይ-ኤክስ ፓኬቶች በሌላው ይጠብቃሉ። መሀል መንገድ ላይ መቀያየር ክልክል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአንድ ኮር የተነሱ ፓኬቶች በሁለት መንገድ ሲሄዱ ኋላ የተላከው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ጋ ቅደም ተከተሉን የሚያስተካክል ነገር ያስፈልጋል።

ለተጨማሪ ቻናል ቦታ ከሌላችሁ በ1992 የቀረበው የመታጠፊያ ሞዴል አለ። ከ8ቱ 2 መታጠፊያ ብቻ ይከለክልና የቀረውን ለራውተሩ ይተዋል። ራውተሩም የተሻለ ክፍት ቦታ ወዳለው ጎረቤት ይልካል። ግን የምትከለክሉትን መታጠፊያ አስቡበት። ወደ ግራ መሄድ ያለበት ሁሉ ቀድሞ ወደ ግራ ይሂድ የሚለውን ዓይነት ብትመርጡ፣ በሥዕላችን ረድፍ 0 ላይ ያለው 3 ቀስት ንቅንቅ አይልም። ራውተር የሚያየው ጎረቤቱን ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ሁሉም ለሁሉም በዘፈቀደ ሲልክ ተራው ኤክስ-ዋይ ከእንዲህ ያለው ብልጥ ራውተር የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 6፦ ችግሩ በእርግጥ የመንገድ መሆኑን አረጋግጡ

15ቱም ኮሮች ጥግ ላይ ላለ አንድ የሜሞሪ መቆጣጠሪያ (ከሜሞሪ ጋር የሚያገናኝ ክፍል) ቢልኩ፣ በየትም ዙረው ይምጡ መግቢያው በር አንድ ነው። እዚህ ደንብ መቀየር ዋጋ የለውም። አድራሻዎቹን ለብዙ መቆጣጠሪያዎች አከፋፍሉ። ብዙ የሚነጋገሩ ሥራዎችንም ጎረቤት ለጎረቤት አድርጓቸው። ፓኬቱ ያልሄደበት መንገድ አይጨናነቅም።

ደረጃ 7፦ በሲሙሌተር (መረቡን አስመስሎ በሚያሠራ ፕሮግራም) ሞክሩት

ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ቡክሲም ወይም ከጣሊያኑ የካታኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ኖክሲም በነፃ ማግኘት ትችላላችሁ። የሚላከውን መጠን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። መዘግየቱ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቆይና አንድ ቦታ ላይ ሽቅብ ይተኮሳል። ያቺን ነጥብ ለእያንዳንዱ ደንብ መዝግቡ። ከዚያ የላካችሁትን የትራፊክ ዓይነት ቀይራችሁ እንደገና ሞክሩ። በትራንስፖዝ የበለጠው ደንብ በሌላው ላይበልጥ ይችላልና፣ የምትመርጡት የእናንተ ፕሮግራም በሚልከው ዓይነት ፈትናችሁ ይሁን።